ውርጭ የለመደ ዘር

«ልቅሶሽን ዋጥ አድርጊው ልጄ፤ ሐዘንሽ ወደ ፅንሱ ይወርዳል» አሉ ጎረቤቷ እማማ ወርቅነሽ፣ የዘነበችን ነጠላ ከፊቷ ገለጥ አድርገው።

ዘነበች ዋጠችው። ባሏ መምህር ሙላቴ ከተቀበረ ወዲህ እንዲሁ ስትውጥ ነው የሰነበተችው። የልቅሶው ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ዓይናቸውን ከገፋው ሆዷ አይነቅሉም። እሷ ግን ጆሮዋ ሌላ ዘንድ ነው። ከሸራው ማዶ ሟቹ ሙላቴ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ተማሪዎቹ ፊት እንደቆመ ሁሉ ረጋ ብሎ ያስረዳል፦ «ዘር ያየውን አይረሳም። ለልጁ ያወርሳል።»

ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ደብረ ታቦር ባዮሎጂ ሊያስተምር ሲመጣ፣ ይዞት የመጣው ይህንኑ ሐሳብ ነበር። ስንዴ ርሶ ብርድ ከመታው ብርዱን ይለምዳል፤ ልጁም ውርጭ ችሎ ይበቅላል ይል ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች «ይህ በተወለደበት አገር እንኳ የተጣለ ነገር ነው» ብለው ተከራከሩት። የወረዳው ካድሬ ግን ወደደለት፤ የሶሻሊስት ሳይንስ ነዋ። ጋሳይ በምትባለው የገጠር ከተማ ገበሬውን ሰብስቦ አስጨበጨበለት።

ከሁሉ ቀድሞ ያመነው የዘነበች ታላቅ ወንድም በላይነህ ነበር። የራሱን ዘር አስፈጭቶ በላና የሙላቴን ዘራ። ጥቅምት ላይ ውርጭ ወረደ፤ ማሳው ባንድ ጧት ነጥቶ ፍሬ አልባ ቀረ። በተከተለው ረሃብ ትንሿ ልጁ ሞተች። ከዚያ ወዲያ የእህቱን ደጃፍ አልረገጠም። ሙላቴ ግን «ገና አልለመደም፤ አንድ ትውልድ ይቀረዋል» እያለ በየዓመቱ ጉና ተራራ ላይ ዘር ሲያሰጣ ኖሮ፣ ዘንድሮ ብርዱ ሳንባው ገባና ገደለው።

ሴቶቹ ድንገት ወደ ድንኳኑ በር ዞሩ። በላይነህ ነው። አጎንብሶ ገባና ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። ፊቷን አየት አድርጎ፣

«ምነው አታለቅሺም?» አላት።

«ልጁን ይጎዳዋል አሉኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

በላይነህ መሬት መሬቱን አየ።

«ባልሽም እንዲሁ ነበር የሚለን። እኔ ግን ማሳው መካከል ቆሜ አይቻለሁ፤ የዚያ ብርድ የለመደ ስንዴ ልጅ ብርድ አልቻለም። ያንቺም ሐዘን ያንቺ ነው፣ እታለም። ልጅሽ አይወርሰውም። አልቅሺ።»

ከሸራው ማዶ የሙላቴ ድምፅ ቀጥ አለ። መልሷን የሚያዳምጥ መሰላት። ካለቀሰች፣ ዕድሜውን በጨረሰበት ነገር «ተሳስተህ ነበር» ማለቷ ነው።

ዘነበች ሁለት መዳፎቿን፣ የሕፃን ጆሮ እንደሚጋርድ ሰው፣ በቀስታ ሆዷ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ አለቀሰች።