ከዳኞቹ ጀርባ

"አፍሽን ክፈቺ አልኩሽ እኮ! ትንሽ ሰፋ አድርጊው!"

ክሪስታ በአንድ እጇ የጸጉር ማድረቂያ፣ በሌላው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይዛ የስድስት ዓመት ልጇ ፊት ተንበርክካለች። የማርሊ የፊት ጥርስ የወለቀው ማክሰኞ ዕለት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስታ ነበር። ቅዳሜ የቁንጅና ውድድር ያለባት ልጅ ጥርስ ግን ማክሰኞ አይወልቅም።

"ያማል እማዬ። ምላሴ መግቢያ አጣ።"

"ዋጥ አድርጊው።"

"ጥርሱን?"

"ምራቅሽን!"

የክሪስታ እናት ኦፓል ከልብስ መቀየሪያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ቅቅል ኦቾሎኒ እየፈለፈለች ትበላለች። "እኔ አንቺን በዚህ ዕድሜሽ ድድሽን አስጥቼ ቤተ ክርስቲያን ወስጄሻለሁ። ማንም አልሞተም" አለች።

"የዚያን ቀን ፎቶዬን አይተሽዋል፣ እማ? ሳይሞቱ አልቀሩም።"

የኦቾሎኒ በዓል በመጣ ቁጥር በዚያች የአላባማ ከተማ አንዲት ትንሽ ልጅ ዘውድ ትደፋለች፤ ፎቶዋም ዓመቱን ሙሉ ከእህል መጋዘኑ በር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። በዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ቢላ ይዛ ለምትውል እናት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አምና ማርሊ መድረክ ላይ ወጥታ ሁሉም ነገር ጠፋባት፤ እያለቀሰች ወረደች። ዘንድሮ ከትንንሾቹ ጋር የምትወዳደርበት የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ስለዚህ ክሪስታ እንደ ሌሎቹ እናቶች ከዳኞቹ ጀርባ መቆም ጀመረች። ዳኞቹ ፊታቸው ወደ መድረኩ ነው፣ እናቶቹን አያዩም። እናት ትዞራለች፣ ልጅ ትዞራለች። እናት በእጇ ትስማለች፣ ልጅ በእጇ ትስማለች። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም።

የማርሊ ተራ ደረሰ። ክሪስታ ከጎረቤቷ ከዶና አጠገብ ቦታዋን ይዛ ወገቧን ያዘች። ማርሊም ወገቧን ያዘች። ክሪስታ አንገቷን ሰበር አደረገች፤ ልጅቷም ሰበር። የአዳራሹ ሰው አጨበጨበ። ክሪስታ በልቧ፣ "በቃ፣ ዘውዱ የኛ ነው" አለች።

ይሄኔ ተርብ መጣ።

ደጅ ከሚሸጠው ጣፋጭ ተነሥቶ ይሁን ክሪስታ ጸጉሯ ላይ የነፋችው ስፕሬይ ስቦት ይሁን እንጃ፣ ቀጥ ብሎ አንገቷ ላይ አረፈ። ክሪስታ እጇን አወናጨፈች። ማርሊም አወናጨፈች። ክሪስታ ዘለለች፣ ማርሊም ዘለለች። ተርቡ ሲነድፋት ክሪስታ አንገቷን በጥፊ አጮለችው፤ መድረክ ላይ ያለችውም ልጅ ፈገግታዋ ሳይጎድል የራሷን አንገት ጧ! አደረገችው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንደኛዋ ዳኛ ዞር ስትል ክሪስታን እጇ አንገቷ ላይ እንዳለ አገኘቻት።

ክሪስታ ልብስ መቀየሪያው ድረስ ጥርሷን ነክሳ ሄደች። ልጅቷን ምን ብላ እንደምትቆጣት እያሰበች ነው። ማርሊ ግን እያለከለከች ሮጣ መጣችና ቀሚሷን ያዘቻት።

"አዲሱን ደህና አድርጌ ሠራሁት?"

"የቱን አዲስ?"

"አንገት መምታቱን! ቤት አላሳየሽኝም። ግን ወዲያው ያዝኩት፣ እማዬ።"

የልጅቷ አንገት ላይ የትንሽ መዳፏ ምልክት ቀልቷል። ክሪስታን ተርቡ የነደፋትም ቦታ እያበጠ ነው። ተንበርክካ ጉንጯን ሳመቻትና መዳፏን ዘረጋች።

"ደህና ሠርተሻል፣ የኔ ማር። በይ ጥርሱን ትፊልኝ።"

"አሁን እኮ መድረክ ላይ ጥያቄ የምንጠየቅበት ሰዓት ነው። ክፍተቱን ያዩታል።"

"ይዩት።"

"አንቺስ የት ትሆኛለሽ?"

"ከአያትሽ ጋር እቀመጣለሁ።"

"የምለው ቢጠፋኝስ?"

"ከጠፋሽ የመጣልሽን ተናገሪ።"

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ዶና ከዳኞቹ ጀርባ ሆና በእጇ ጠራቻት። "ነይ ቦታሽን ይዤልሻለሁ! ተርቡንም ገድለነዋል!"

ክሪስታ አመስግናት አለፈችና ከኦፓል ጎን ተቀመጠች። ኦፓል ኦቾሎኒውን አቀበለቻት።

አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን ወደ ማርሊ ዝቅ አደረገ። "ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?"

ቤት የተጠናው መልስ "የእንስሳት ሐኪም" ነው፤ እጅ ደረት ላይ ይደረጋል፣ ከዚያ ፈገግታ። ማርሊ ወደ ዳኞቹ ጀርባ ተመለከተች። ዶና አለች እንጂ እናቷ የለችም። ዓይኗ ወንበር ለወንበር ሲንከራተት ቆየና እናቷ ላይ አረፈ። ምላሷ በክፍተቱ ብቅ አለ፤ ትጠብቃለች። የክሪስታ ቀኝ እጅ ከጭኗ ተነሥቶ ወደ ደረቷ መውጣት ጀመረ።

ክሪስታ እጇን ወደ ታች መለሰችው። ግራውንም ጨመረችበት።

"እጆችሽን የት አደረስሻቸው?" አለች ኦፓል በሹክሹክታ።

"ተቀመጥኩባቸው።"