የአንሴልሞ ዳማ ፈረስ

ከሜክሲኮ የተላከው ኮሎኔል የምሽጋችንን ፈረሶች ቆጥሮ "ጎሽ" ብሎን ሄደ። እሱ በትልቁ መንገድ በሠረገላ ሲንፏቀቅ፣ ፈረሶቹ በአቋራጭ ቀድመውት ሳንታ ኢኔስ ገቡ። እዛ ምሽግ ደግሞ ሊቆጠሩ። እኛ ሲጎድለን የነሱ ይመጣል፣ እነሱ ሲጎድላቸው የኛ ይሄዳል። በዚህ በሶኖራ ጠረፍ ሁሌም እንደዚህ ነው።

"ኮሎኔሉ አያውቃቸውም?" ብዬ ነበር።

"እሱ ጆሮ ቆጥሮ ለሁለት ያካፍላል እንጂ ፈረስ መች ያያል" አለኝ አንሴልሞ፣ ባሌ።

በደንቡ እያንዳንዱ ወታደር አንድ ፈረስ ኮርቻ ጭኖ ቀን ከሌት በር ላይ ያስራል። የአንሴልሞው ዳማው ነበር። ከደሞዙ እየተቆረጠበት የገዛው፣ የራሱ ፈረስ። "እሱን እንኳ ተዉልኝ" አለ። ሻምበሉ ዶን ሌአንድሮ "አንድም እንዳይጎድል" አለ። ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት ከሚስዮኑ በረት ጭስ ተነሳ። አፓቺዎች ከብቱን እየነዱት ነው። ከበሮ ተመታ። የቀሩትን ጥቂት ፈረሶች ቀድሞ የደረሰ ያዘ። ለአንሴልሞ ጨው የምትጭነዋ በቅሎ ደረሰችው።

ሃምሳ አለቃ ባልታሳር ልጄን ክርስትና ያነሳ ነው። እሱ ጋ ሮጥኩ።

"አበልጅ፣ በዚች ነው የሚሄደው? እሷ እኮ ከቆመች ቆመች ነው! አሞታል በልልኝ።"

"ኮሎኔሉ ፊት ጤነኛ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ።"

"እሺ፣ ፈረስ የለውም በል።"

አይኔን አላየም። "ፈረስ እንዳለውም ፈርሜያለሁ፣ አበልጅ።"

ሻምበሉ ጋ ገባሁ። ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ቦት ጫማው አልገባ ብሎት ይታገላል። "እኔስ ምን ላድርግ፣ ሴትዮ? ፈረስ የለንም ልበል? ትናንት በሙሉ ተቆጥሮ?" አለኝ።

ወታደሮቹ ግቢው ውስጥ ይሳሳቃሉ።

"አንሴልሞ፣ ጨዉን የት ልታወርድ ነው?"

"ለናንተ ሾርባ ነው፣ አልጫ ፊት ሁላ!"

የቆዳ ጥሩሩን አጠበቅኩለት። የበቆሎ በሶውን ኮርቻው ላይ አሰርኩ።

"ከኋላ ሁን" አልኩት።

"በዚች ሌላ የት እሆናለሁ?"

በማግስቱ ተመለሱ። አፓቺዎቹ ገደሉ ጋ ጠብቀዋቸው ኖሯል። ሁሉም ፈረሱን አዙሮ ጋለበ። በቅሎዋ ቆመች። መታት። ጮኹለት። በመጨረሻ ወርዶ በልጓሟ ይጎትታት ነበር አሉ።

ሬሳውን እሷው ላይ አስረው አመጡት። ስትመለስ አንዴም አልቆመችም።

ከቀብሩ በኋላ ባልታሳር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ።

"ከነፈረሱ ወደቀ ብለን ጽፈናል" አለኝ።

"የትኛው ፈረስ?"

"ዳማው።"

"ዳማው ሳንታ ኢኔስ ነው ያለው።"

"በበቅሎ ብንል ፈረሶቹ የት ሄዱ ይሉናላ።"

ምን እንደሚያመጣ ያኔ አልገባኝም። የሟች ፈረስ ለሚስቱ ነው። ያንን ፈረስ ይዤ፣ ልጄን ከፊቴ አስቀምጬ፣ እናቴ አገር እገባለሁ ብዬ ነበር። ወታደር የሌላት ሴት ምሽግ ውስጥ አትቀመጥም።

ፈረሶቹ ወፍረው መጡ። ሳንታ ኢኔስም "ጎሽ" ተብሏል። ዳማው ማንም ሳይነዳው በራችን ላይ መጥቶ ቆመ። ገመዱን ያዝኩ፣ በሌላ እጄ በቆሎ ሰጠሁት።

ባልታሳር መጣ።

"አበልጅ፣ ስጪኝ። የሻምበሉ ርስት ላይ እናቆየዋለን፣ ከወንዙ ማዶ። እዚህ መታየት የለበትም።"

"የኔ ነው።"

"ዳማው በወረቀት ሞቷል።"

"እየበላ እኮ ነው፣ አንተ ሰው!"

"አያለሁ።"

በቆሎውን እስኪጨርስ ጠበቀኝ። ከዛ ገመዱን ሰጠሁት።