ልደት የሠራችው ማሽን

ልደት ከደሴ ወደ ሮቤ የመጣችው በጎባ መንገድ ላይ ባለ አንድ ኮሌጅ ባዮኬሚስትሪ ልታስተምር ነው። የተከራየችው ክፍል ኦቦ ጉሉማ ግቢ ውስጥ ነበር። ኦቦ ጉሉማ ሲናና ላይ ስንዴ ያርሳሉ፤ አገር የሚያውቃቸው ግን በኮምባይነራቸው ነው። የአጨዳ ወቅት ሲያልፍ ያ ቀይ ግዙፍ ነገር ግቢውን ሞልቶ ይቆማል፤ ልደትም ወደ ክፍሏ የምትገባው ጎኑን እየታከከች ነበር።

አንድ ቅዳሜ የኦቦ ጉሉማ ባለቤት አዴ ረቢያ ምሳ ጠሯት።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠሽ የምትውይው ምን እየሠራሽ ነው?" አሏት።

ልደት የምትሠራው ፕሮቲን ነበር። በሰው ገላ ውስጥ የሚጎትተው፣ የሚሸከመው፣ የሚሽከረከረው ሁሉ ፕሮቲን ነው። እሷ ደግሞ ተፈጥሮ ያልሠራችውን አንድ አዲስ ፕሮቲን፣ በአክስል ላይ የሚዞር ጎማ የመሰለውን፣ ስትነድፍ ዓመት አልፏታል። የዚህ ዓይነት ማሽን አንድ ሺህ ቢደረደር የፀጉርን ውፍረት አያልፍም። ይህን ሁሉ በምሳ ላይ ማስረዳት ከበዳትና አሳጠረችው።

"ማሽን ነው፣ አዴ። ጎማ ያለው። ንድፉን ውጭ አገር ልኬዋለሁ፤ በቅርቡ ይመጣል።"

ኦቦ ጉሉማ ጉርሻቸውን አቋረጡ። "ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?"

"ኧረ ትንሽ ናት!" አለች ልደት እየሳቀች።

ትንሽ ማለት ለኦቦ ጉሉማ ከኮምባይነር የሚያንስ ማለት ነው። ወሬውን ገበያ ይዘውት ወጡ። ወሬው ከገበያ ሲመለስ ማሽኑ ዳገት ላይ የሚያጭድ፣ ጭቃ የማይዘው ሆኖ ነበር። ከአጋርፋ አንድ ገበሬ መጥቶ ልደትን በር ላይ ጠበቃትና ወረፋ እንድትይዝለት ለመናት።

ዕቃው ሮቤ መግባቱ በስልክ ሲነገር የኮሌጁ ንብረት ክፍል ኃላፊ አቶ ተክለማርያም ተነሡ። ጡረታቸው የደረሰ፣ እጅግ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። "ማሽን" የሚለውን ቃል እንደሰሙ አይሱዙ አስነሡ፤ አራት ጫኞችና ረጅም ገመድም ያዙ። ልደት ክፍል ውስጥ እያስተማረች ስለነበር የከለከላቸው የለም። ኦቦ ጉሉማም ሊያዩ ተከትለዋቸው ሄዱ። ፖስታ ቤት ሲደርሱ ሠራተኛዋ አንዲት ፖስታ ሰጠቻቸው።

አቶ ተክለማርያም ፖስታዋን ነካ ነካ አደረጓት። "ይሄ ቁልፉ ነው። ማሽኑስ?"

ሌላ ዕቃ አልነበረም። አይሱዙው አራት ጫኞችና አንዲት ፖስታ ጭኖ ኮሌጁ ተመለሰ።

ልደት ሮጣ ወጥታ ፖስታውን ቀደደችው። ከውስጡ ባቄላ የምታክል ክዳን ያላት የፕላስቲክ ብልቃጥ ወጣች።

"ይሄ ማሽኑ ራሱ አይደለም" አለች። "የማሽኑ አሠራር የተጻፈበት ዲኤንኤ ነው። ባክቴርያ ውስጥ ስናስገባው ባክቴርያው አንብቦ ይሠራልናል።"

አቶ ተክለማርያም ብልቃጧን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሡ። "ልጄ፣ ባዶ ነው እኮ! ባዶ ዕቃ ተረክቤ ነገ ማን ሊጠየቅ ነው?"

"ደርቆ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ነው፣ በዓይን አይታ..."

አላስጨረሷትም። ክዳኑን ከፈቱ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በሌላው ወደ ውስጥ አዩና አስነጠሱ።

ጫኞቹ እንኳ "ይማርዎ" ማለት ፈሩ።

"አቶ ተክለማርያም! ምን አደረጉ!" ልደት ጮኸች። በአባቷ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ጮኻ አታውቅም። ብልቃጧን ነጥቃ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እንባዋን በነጭ ጋውኗ እጅጌ ጠረገች። አቶ ተክለማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ጉንፋን ይዞኝ ነው እኮ..." እያሉ ቆመው ቀሩ። ኦቦ ጉሉማ ሊያጽናኗት ፈልገው፣ "የኔን ኮምባይነር ግመል ቢያስነጥስበት ምንም አይሆንም" አሉ። አላጽናናትም።

የምትችለውን ሁሉ አደረገች። የብልቃጧን ግድግዳም ክዳኑንም በንጹሕ ውሃ አጥባ፣ የተረፈውን ባክቴርያ ውስጥ አስገባች፤ ዲኤንኤው ያልገባበትን ተሕዋስ ሁሉ የሚገድል መድኃኒት ባለበት ሳህን ላይም ዘራችው። በማግስቱ ሳህኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች በቅለው አየች። ዲኤንኤው ተርፏል! መጀመሪያ የነገረችው ለአቶ ተክለማርያም ነበር። እሳቸውም አማተቡ።

ቀጥሎ ባክቴርያውን በብዛት ማራባት ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደ ሰው ገላ መሞቅ፣ ያለማቋረጥም መወዝወዝ አለበት። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ኮሌጁ አለው፤ ማራባት በጀመረችበት ቀን ጠዋት ግን መብራት ጠፋ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የሮቤ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ልደት ባክቴርያው ያለባቸውን ጠርሙሶች ጃኬቷ ሥር አቅፋ፣ እየወዘወዘቻቸው፣ በባጃጅ ወደ ቤት መጣች።

"ልጅ ነው ያቀፍሽው?" አሉ ኦቦ ጉሉማ።

"ሙቀት ያስፈልጋቸዋል፣ ኦቦ። ሙቀትና መወዝወዝ። አለዚያ የአንድ ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።"

"ሙቀትና መወዝወዝ?" ኦቦ ጉሉማ ቀና ብለው ኮምባይነራቸውን አዩ። "ሌላ ምን ሥራ አለው እሱ?"

አስነሡት። ግቢው ተንቀጠቀጠ። አቶ ተክለማርያም ተጠርተው ገመዳቸውን ይዘው መጡና ጠርሙሶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የሞተሩ ክዳን ላይ አሰሯቸው። ሲበዛ ይሞቃል፤ ከሥር ጆንያ አነጠፉ። አቶ ተክለማርያም በዚህ ዕድሜዎ ይውረዱ ቢባሉም ከላይ ተቀምጠው ቴርሞሜትሩን ያዙ፤ ሞተሩ ስለሚጮህም እየጮኹ ያነቡ ጀመር።

"ሠላሳ ሰባት! ሠላሳ ስምንት ተኩል!"

"ጆንያ ጨምሩ!" ይላሉ ኦቦ ጉሉማ ከታች።

በአጥር በኩል የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም እያለ፣ "አላህ ይማረው፣ ማን ታሞ ነው?" ይል ነበር። ማታ ላይ ጠርሙሶቹ ወተት መስለው ደፈረሱ። ባክቴርያው በዝቷል።

ልደት ፕሮቲኑን አጣርታ፣ በትልቅ ማይክሮስኮፕ እንዲታይላት ወደ አዲስ አበባ ላከች። ሳምንታት አለፉ። አንድ እሑድ በር ላይ ቁጭ ብላ ሳለ ምስሉ በስልኳ መጣ። በግራጫው መሐል፣ ክብ፣ መሐሉ ክፍት ቀለበት፣ ልክ እንደነደፈችው፣ በብዙ ቦታ ታየ።

"ቀለበቱ!" ብላ ዘለለች። "ቀለበቱ መጣ! አዴ ረቢያ፣ ቀለበቱ!"

አዴ ረቢያ ከጓዳ በእልልታ ወጡ። ጎረቤቱ ተቀበላቸው። ልደት አፏን ከፍታ ሳትጨርስ ግቢው በሴቶች ተሞላ፤ አንዷ አቀፈቻት፣ ሌላዋ ጣቷን ይዛ ቀለበት ፈለገች። "ማሻአላህ! ማነው እሱ? የሮቤ ልጅ ነው?"

"ፕሮቲን ነው!" አለች ልደት።

"የየት አገር ስም ነው?" አሉ አዴ ረቢያ።

ስልኳን አሳየቻቸው። አዴ ረቢያ ግራጫውን ነገር አገላብጠው አዩትና ተናደዱ፣ ደግሞም ሳቁ። ኦቦ ጉሉማና በወሬው የመጡት አቶ ተክለማርያም ግን ተጠግተው በደንብ አዩት።

"ጎማው ይሄ ነው" አሉ ኦቦ ጉሉማ። "አክስሉስ?"

ልደት ምስሉን አስፍታ ፈለገች። የሁሉም መሐል ባዶ ነበር። ደስታዋ ትንሽ ወረደ። "አልገባም" አለች። "አክስሉን እንደገና መንደፍ አለብኝ።"

"እኔ ለዚህ ኮምባይነር አክስል ናዝሬት ድረስ ሄጄ ሁለት ክረምት ፈልጌያለሁ" አሉ ኦቦ ጉሉማ። "ጎማው ካለ አክስሉ ገና አልመጣም ማለት ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም።"

አዴ ረቢያ ደግሞ ለእልልታው የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይመለስም ብለው ጨጨብሳ ሊያቀርቡ ገቡ። ልደትም እጇን ታጥባ ልታግዛቸው ተከተለቻቸው።