ከሰማንያ በታች አይወጣም

ፖስተሩ የጉዞ ድርጅቱ ቢሮ መስታወት ላይ እስከ ዛሬ ተለጥፏል፤ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። «ተራራው የሁሉም ነው! ወፍራም ቀጭን፣ ወጣት ሽማግሌ፣ ማንንም ወደኋላ አንተውም» ይላል። ፎቶው ላይ ጥርሱን አግጥጦ የቆመው ሰውዬ ማን እንደሆነ ልንገራችሁና አብራችሁኝ ተናደዱ።

እኔ የዚያ ድርጅት ጫኝ ነበርኩ። በቅሎ እጭናለሁ፣ ድንኳን እተክላለሁ፣ እንግዶቹ ሲደክማቸው ደግሞ ወሬ እቀድላቸዋለሁ። ሰባተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ስለተማርኩት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ ላይኛው ካምፕ ላይ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ ጥላዬ ደክሞት ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን ስመለስ ድንጋይ ተንተርሶ ሲያንኮራፋ አገኘሁት። ይቺን ሳወራ እንግዶቹ በሳቅ ይሞታሉ። ችግሩ፣ እውነት ስናገርም ይስቃሉ።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ የታችኛው ካምፕ ምግብ አብሳይ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማብሰያ ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብላ ሾርባ ስታማስል ኖረች። ስንቱ ጫፉን ረግጦ ሲወርድ «ውይ፣ ማዶውን ብታዪው!» ይላታል። እሷም ሳህኑን እየሞላች «እሰይ፣ እንኳን አየህ» ትላለች። ማዶው ምን እንደሚመስል ግን አይታው አታውቅም። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ጉልበቷም ስትነሳ የሚንቋቋ። ድርጅቱ «የሁሉም» ያለውን ጉዞ ሲጀምር አንድ መንገደኛ ቀረና ጸሐፊዋ «አንቺ ለምን አትሄጂም?» አለቻት። እትዬ ያን ቀን ሾርባው ውስጥ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች።

ደስ ያላለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዋናው መንገድ መሪ። እኛ «ሰማንያ» ነው የምንለው። የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች፣ ጣት ነክሳ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትቆጥር መለኪያ አለችው። «ከሰማንያ በታች አይወጣም!» ይላል፣ አለቀ። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ እንደ ኳስ ዳኛ ይነፋብናል። እትዬ መመዝገቧን ሲሰማ ያለው ይቺን ብቻ ነው፦ «ታዲያ ማን ሊያበስል ነው?»

ወጣን። ሰማንያ ጠንካሮቹን ይዞ ከፊት ይነጉዳል። ከኋላ እትዬ፣ እኔ፣ በቅሎዬ፣ እና አንድ እግሩ ሰው ሠራሽ የሆነ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር።

«ጋሼ፣ እግርዎን አይበርድዎትም?» አልኩት።

«አንዱን ብቻ። ካንተ በግማሽ እሻላለሁ» አለ።

እትዬ ሳቁ ትንፋሽ ሲያሳጥራት «በናታችሁ አታስቁኝ፣ አየሬን ጨረሳችሁት» ትላለች። ሦስት ቀን እንዲህ ሄድን። ራስ ምታት የለ፣ ማስመለስ የለ፤ ቀስ ማለት ብቻ።

ላይኛው ካምፕ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ንፋሱ ፊት ይልጣል። ጠንካሮቹ ቀድመው ገብተው፣ ትኩስ ሻይ ይዘው ተቀምጠው፣ ጣታቸው ከሞቀ በኋላ ተለክተዋል። ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና፣ ሁሉም አለፈ። እኛ ግን ገና ደጃፉ ላይ ጓንታችንን ስናወልቅ ሰማንያ ብቅ አለ።

«ጣት!»

እትዬ ሰባ አራት። ሹፌሩ ሰባ ስድስት።

«ጠዋት ወደ ታች። አዝናለሁ» አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ሐዘን የሚባል ነገር የለም። ወዲያው ዞር ብሎ «እዚህ ካለሽ አይቀር ሾርባውን አንቺ ጣጂልን» አላት።

እትዬ ማብሰያ ድንኳን ገባችና ምስማር ላይ የተሰቀለውን ሽርጥ አገለደመች። ያ ሽርጥ ነው ያቃጠለኝ።

«እጃቸው ቀዝቅዞ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አምና ከወንዙ በረዶ ስሰብር ውዬ ለክተኸኝ ስልሳ ስምንት አላልከኝም? በዚያ ሂሳብ እኔ ከሞትኩ ዓመቴ ነው!»

«ጥላህስ ደህና ነው?» አለ ሰማንያ።

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። «መለኪያ አይዋሽም» አለ፤ «የሚዋሸውማ ይታወቃል።»

ወጥቼ አንድ ድንጋይ በእርግጫ ብለው አውራ ጣቴን ቀጠቀጠኝ፤ እሱም ሌላ ንዴት። አንዲት ልብስ ሰፊ መንገደኛ ትዝ አለችኝ፤ ሁለት ዓመት ተከታትላ መጥታ፣ ሁለቴም ከኋላ ደርሳ፣ ሁለቴም እያለቀሰች የወረደች። እኔስ ያኔ ምን አደረግሁ? በቅሎ ላይ አወጣኋትና ስለ ጥላዬ አወራኋት።

ሰማንያ ፊቱን ሊታጠብ ፊሽካውን የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀለ። ከምሰሶው ሥር በረዶ የምናቀልጥበት በርሜል አለ። ፊሽካው እንዴት ኪሴ እንደገባ እኔን አትጠይቁኝ፣ እጄን ጠይቁት። ለሹፌሩ ግን ጠቀስ አድርጌዋለሁ።

«ኧረ አለቃ፣ ፊሽካህ በርሜል ውስጥ ገባ!»

እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ገባበት። በረዶውን ያምሳል፣ ይራገማል።

«ወደ ግራ፣ አለቃ። አይ፣ ከሥር ነው። ኧረ ሌላውንም እጅህን ጨምር!»

ሰው ተሰበሰበ። ጣቶቹ መጀመሪያ ቀሉ፣ ቀጥሎ ነጡ፣ ከዚያ ስም የሌለው ቀለም ያዙ። ታክቶት ሲያወጣቸው ሹፌሩ መለኪያዋን አንስቶ ቀጭ አደረገበት።

ስልሳ ሰባት።

«ከሰማንያ በታች አይወጣም» አለ ሹፌሩ። «አይዞህ፣ ጠዋት አብረን እንወርዳለን። ከፊት ወንበር እይዝልሃለሁ።»

«እጄ ቀዝቅዞ ነው እንጂ!» ብሎ አምባረቀ ሰማንያ።

ማንም አልሳቀም። ከጠንካሮቹ አንዷ ኩባያዋን አየት አድርጋ «የነሱስ ታዲያ?» አለች።

እትዬ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጭልፋውን አስቀመጠች፣ ሽርጡን ፈታች፣ ትኩስ ኩባያ በሁለት እጇ አቅፋ ተቀመጠች። ሹፌሩም ኩባያ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጣታቸውን አሞቁ። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ «ለካኝ» አለችው።

ሰማንያ ስድስት። ሹፌሩ ሰማንያ አምስት።

አለቃው ግን ተንኮሉ የማን እንደሆነ ገብቶት እኔን ሳይለካኝ አወረደኝ። ጠዋት እነሱ ወደ ላይ፣ እኔ ከነበቅሎዬ ወደ ታች፣ ሥራዬም አብሮኝ ወረደ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ከንፈሯ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ እያነከሰች መጣች።

«ማዶው ምን ይመስላል?» አልኳት።

በዕድሜዋ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ዓይኔን እያየች «ጥላህን አገኘሁት» አለችኝ። «ጫፉ ላይ ተጋድሟል። ልቀስቅሰው ብዬ አሳዘነኝ።» ከዚያ እየሳቀች እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «አንተ ቀልማዳ!»

በሳምንቱ አዲሱ ፖስተር ተለጠፈ። ጫፉ ላይ እትዬ ቆማለች፤ ያ ጥርሱን ያገጠጠው ሰማንያ ነው፣ ትከሻዋን አቅፎ! ማንንም ወደኋላ አንተውም አለ! እትዬ «ተወው በቃ፣ እኔ አይቼዋለሁ» ትለኛለች። አልተውም። ፊሽካው አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር መስኮቱ ሥር ቆሜ ሳንባዬ እስኪተረተር እነፋዋለሁ። ሰማንያ በሩን በርግዶ ሲወጣ ጣቴን ቀስሬ እጠብቀዋለሁ።

«ና፣ ለካኝ!»