አምስተኛው ማቆሚያ፣ የአባቴ ደጃፍ

1.
እዚህ ጋ ቁሙ። በግራችሁ የቆርቆሮ አጥር ይታያል። ከአጥሩ ኋላ አንድ የድንጋይ ደረጃ ቀርቷል፤ ቤቱ ፈርሷል። አስጎብኚያችሁ ጽጌ እባላለሁ።

(ደረጃው የአባቴ ነው። ይህን የምነግረው ለአንባቢ ብቻ ነው።)

2.
ለጎብኚ የሚሰጥ መመሪያ፦

ከመንገዱ አትውጡ። ፎቶ አንሱ። «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ።

3.
እሺ፣ አንባቢ፣ ላንተ ልንገርህ። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዎቹ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። አባቴ አራተኛ ፎቅ ደረሰው። የሰፈሩ ዕድር ግን አልተበተነም፤ ድንኳን የሚተክለውም በሟች ደጃፍ ነው። አባቴ ኮሪደሩን እያየ፣ «አሁን ይኼም ደጃፍ ሆኖ ነው?» ይል ነበር። «ስሞት ከደረጃዬ ነው የምትሸኙኝ። አደራ!»

4.
ሞተ።

5.
የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መኩሪያ ድንኳኑን አስጭነው አስከሬኑን ተከትለው ወደ ደረጃው መጡ። የአጥሩ ዘበኛ አላስገባም አለ። ቦታውን የያዘው የምሠራበት አስጎብኚ ድርጅት ስለሆነ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ።

እሱ፦ ነፍስ ይማር፣ ጽጌዬ። እንዴት እንዳዘንኩ!

እኔ፦ ድንኳን መትከያ ብቻ ነው የምንፈልገው።

እሱ፦ ክልክል መሆኑን እያወቅሽ… ቆይ፣ ቆይ። ጉብኝቱ ውስጥ ብናስገባውስ? አምስተኛ ማቆሚያ፤ «ባህላዊ ለቅሶ»።

እኔ፦ አባቴን?!

እሱ፦ ድንኳኑ ይተከልላችኋላ! አስጎብኚዋ ግን አንቺው ነሽ፣ ሌላ ሰው የለኝም። ነጠላሽን እንዳዘቀዘቅሽ ሁኚ፣ ለፎቶም ያምራል። ልጃቸው መሆንሽን ግን እንዳትናገሪ፤ እንግዳ ይሸማቀቃል። ከተናገርሽ ድንኳኑን አስነሳለሁ።

6.
«ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ከዚያ አስከሬኑ ወዳለበት መኪና ዞሩ።

«አደራ ብሎናል። ምን እናድርግ፣ ልጄ፣ ይተከል።»

ተቀምጠህ እያነበብክ መፍረድ ቀላል ነው፣ አይደል?

7.
እንግዲህ ግቡ። የሚያለቅሱት የድሮ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ጋሽ መኩሪያ ወንበር ሲለቁላችሁ ተቀመጡ፤ ለቅሶ የመጣ ሰው ቆሞ አይቀርም።

እኔ አልቀመጥም።

ሥራ ላይ ነኝ።

8.
አንዲት ጎብኚ ስልኳን ወደ እኔ አዞረች።

«ይቅርታ፣ ሟቹ የእውነት ናቸው?»

ለቅሶው ቆመ። ጋሽ መኩሪያ ቀና ብለው አዩኝ፣ ጎረቤቶቹም አዩኝ። ዘበኛው በሩ ላይ ስልኩን አውጥቶ ቆሟል፤ ለማን እንደሚደውል አውቃለሁ። ማይክሮፎኑን አነሳሁ።

«ሟቹ አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ። የእውነት ናቸው። እኔ ደግሞ የእሳቸው



______________ ነኝ።»