ለቡና ብቻ

ሰኚ የምርት ሚዛን መመዝገቢያውን ፕሮግራም እንደገና ብታስነሳውም ያው ቀይ ጽሑፍ ተመለሰ። ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ሁሉንም አንብቦ አልፏል፤ ሊንከሩ ፋይሎቹን ሊያገጣጥም ሲል ግን የማሩን ተራ ቁጥር የትም አጣሁት ይላል።

ከመስኮቱ ውጭ፣ በገበሬዎቹ ዩኒየን ግቢ፣ ከያዮ በአይሱዙ የመጡት ንብ አርቢዎች በማር ባልዲዎቻቸው መካከል ተቀምጠዋል።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣" አሉ የመጋዘን ኃላፊው ጋሼ ኪቲላ፣ አንገታቸውን በበሩ አስገብተው። "ንቦቹ ከዚህ ኮምፒዩተር ይፈጥናሉ ይላል ሕዝቡ።"

"ሕዝቡ ነው ወይስ እርስዎ?"

"እኔ የሕዝብ አፍ ነኝ።" ሳቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሥራ አስኪያጇ ደውላለች። ማሩ ዛሬ ካልገባ ከአዲስ አበባ ሌላ ፕሮግራም ይገዛል፤ የቡናውም አብሮ ይቀየራል ብላለች።"

"ትንሽ ይታገሱኝ።"

"ምሳስ በልተሻል?"

"በልቻለሁ።" አልበላችም።

ፕሮግራሙን የጻፈው ባሏ ደበሳ ነው። ሁለቱ በዚህች ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠርተዋል። እሱ ካረፈ ወዲህ ብዙ ነገር ጨምራለች፤ ሁልጊዜ ግን ከጎን፣ በራሷ አዲስ ፋይል ነው። የእሱን ፋይሎች ታነባለች እንጂ አንዲት ፊደል ነክታባቸው አታውቅም። ይህን የሚያውቅባት ሰው የለም፤ የሚጠይቃትም የለም።

ከጠዋት ጀምሮ ስህተቱን የፈለገችው በራሷ ፋይል ውስጥ ነበር። አሁን የእሱን ከፈተች።

ደበሳ ሚዛኑን የሠራው በቴምፕሌት ነው፤ አንዱ ቅርጽ ቡና ሲሉት የቡና ሚዛን፣ ማር ሲሉት የማር ሚዛን ይሆናል። በውስጡ ስታቲክ የሆነ ተራ ቁጥር አለ፤ የአንድ ምርት ሚዛኖች ሁሉ በጋራ የሚቆጥሩበት። እንዲህ ያለውን ቁጥር ቅርጹ በተጻፈበት ክላስ ውስጥ መጥቀስ ብቻ አይበቃም፤ ከክላሱ ውጭ ሜሞሪ ላይ ቦታ የሚሰጠው መስመር ያስፈልገዋል። ደበሳ ያንን መስመር የጻፈው ለቡና ብቻ ነው፤ ለማር የለም። ከአጠገቡ ማስታወሻ አኑሯል፦ "ለአሁኑ ቡና ብቻ ነው ያለን።"

ድምፁን የሰማች መሰላት። ፋይሉን ሳትነካ ዘጋችውና በራሷ ፋይል ውስጥ ለማር የሚሆን ተመሳሳይ መስመር ጻፈች። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ።

"ጋሼ! ሠርቷል።"

"እሰይ!" ጋሼ ኪቲላ ወደ ውስጥ ገቡ። "በይ ኮረሪማውንም አስለምጂው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከቡሬ ይመጣል። ከዚያ ሰሙ አለ።"

"ለኮረሪማውም እንዲሁ ቀይ ይሆናል።"

"እንዴት?"

"ለእያንዳንዱ ምርት አንድ አንድ መስመር መጨመር አለብኝ። ለሁሉም የሚሆን አንድ መስመር ይቻል ነበር፤ ግን የደበሳ መስመር ትርፍ ሆኖ መነሳት አለበት።"

"እና ይነሳ! እሱ ራሱ ቢሆን ይሄኔ አንስቶት ቡናውን እየጠጣ ነበር።"

ሰኚ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጥቂት አገላበጡት።

"አፌ አመለጠኝ፣ ልጄ።"

"ግድ የለም፣ ጋሼ። ማሩን ትንሽ ያቆዩልኝ።"

"አሁን ሠርቷል አላልሽም?"

"ሠርቷል። እንደገና ልሠራው ነው።"

እሳቸው ሲወጡ የደበሳን ፋይል መልሳ ከፈተች። ከክላሱ ሥር ለማንኛውም ምርት ቦታ የሚሰጠውን አንድ መስመር ጻፈች። በራሷ ፋይል ያለውን የማሩን መስመር ሰረዘች። በእሱ መስመር ላይ ግን እጇ ቆየ። ውጭ አንዲት ሴት በኦሮምኛ ስትቀልድ፣ ሌሎቹ ሲስቁ ይሰማል። ሰረዘችው።

ስታስነሳው ምንም ቀይ ነገር አልመጣም።

"ያስገቡት!" ብላ በመስኮቱ ተጣራች። ባልዲዎቹ ሲነሱ ሰማች።

ማስታወሻው ብቻ ቀርቷል። ማሽኑ ማስታወሻ አያነብም፤ ቢኖርም ባይኖርም ለሥራው ለውጥ የለውም። ለማጥፋት ጠቋሚዋን ወሰደችበት፤ ከዚያ ከሥሩ አዲስ መስመር ከፍታ ጻፈችለት፦ "አሁን ማርም አለን።"