የአሥራ አራት ደቂቃ ማዕድ

ለልብስ ሰፊዋ የቤቷን ጉድ የነገራት ማንኪያ ነው። አንድ ጠዋት ዕቃ ልታጥብ ስትል ገንዳው ውስጥ አምስት ማንኪያ አገኘች፤ አንዱ ገና እርጥብ ነው፣ አንዱ ደርቋል፣ አንዱ ላይ ደግሞ ሾርባው እንደ ሙጫ ተጣብቆበታል። አምስት ሰው ከአንድ ድስት በልቷል፣ ሁለቱ እንኳ አብረው አልበሉም። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከጠዋት ወጥቶ የሚገባው ከመሸ ነው። ወንድ ልጇ የሌሊት ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ አባቱ ሲገባ እሱ ወጥቷል። ሴቷ ልጇ ነርስ ናት፤ እሷማ መቼ እንደምትገባና መቼ እንደምትወጣ ራሷም አታውቀው። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ በጊዜ በልተው በጊዜ ይተኛሉ። ቆጠረችው፤ አምስቱ አንድ ማዕድ ከቀረቡ ሰባት ወር ሆኗቸዋል።

ሆዷ ባባ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደደች፤ መናደዱም ይሻላት ነበር። እሷ ስታዝን ክር ይበጠስባታል፣ ስትናደድ ግን ሥራዋ ይቃናል።

ልብስ የምትቀድበትን ትልቅ ወረቀት ዘረጋች፣ ጠመኔዋን አነሳች፣ የእያንዳንዱን መግቢያና መውጫ ሰዓት እንደ ሱሪ ልክ አሰመረችው። ሰባቱን ቀን ብታገላብጥ አምስቱም ነፃ የሚሆኑበት አንዲት ክፍተት ብቻ ተገኘች። ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት ከሃያ እስከ ዘጠኝ ከሠላሳ አራት፣ የባሏ አውቶቡስ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚያርፍባት ሰዓት። ነርሷ የምትሠራበት ክሊኒክ ከፌርማታው ፊት ለፊት ነው፣ ረቡዕ ረቡዕ የምትገባውም በአሥር ሰዓት ነው። ጋጋሪው ያን ጊዜ ነቅቷል። ችግሩ፣ ጋጋሪው ከሚመጣው ወር ጀምሮ ወደ ቀን ሥራ ይዛወራል፤ ይቺም ክፍተት ትዘጋለች። የቀረው ሁለት ረቡዕ ነው።

«አሥራ አራት ደቂቃ?» አለ ባሏ። «እሜቴ፣ እኔ በአሥራ አራት ደቂቃ ጫማዬንም አላወልቅም!»

«ጫማህን ማን አውልቅ አለህ? አፍህን ይዘህ ና።»

«በሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ደቂቃ ዘግይቼ አላውቅም፤ እወቂልኝ።»

«አላስዘገይህም። በቃ።»

የፌርማታውን ተቆጣጣሪ ራሷ ሄዳ አነጋገረችው። ፊሽካው ከአፉ የማይወርድ ሰው ነው። የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ያን ሰዓት ባዶ እንደሚሆን ነገራትና አስጠነቀቃት። «ሠላሳ አራት ሲል ግን የወለደኝ አባቴ ቢሆን እነፋበታለሁ!»

አሁን ስለ ሾርባው ማውራት የግድ ነው። ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮትና ባቄላ ያለበት የአማቷ ሾርባ ነው፤ እሳቸውም ከእናታቸው ነው የተማሩት። በዚያ ቤት ሾርባ እየተንተከተከ ካልቀረበ ሾርባ አይባልም። እፍ ያለ ሰው ጉዱ ነው፤ አማቷ «ሕፃን ነህ እንዴ?» ብለው አንገቱን ያስደፉታል። «የቀዘቀዘ ሾርባ የዕቃ እጣቢ ነው» ይላሉ፤ ከዚህ በላይ ክርክር የለም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ረቡዕ ድስቱን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልለው በታክሲ አደረሱት። አውቶቡሱ በሰዓቱ ደረሰ፣ ሁሉም ተቀመጡ፣ ክዳኑ ተከፈተ። እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው፤ የመስኮቱ መስታወት ላብ አወጣ። ማንኪያ ያነሳ ሁሉ መልሶ አስቀመጠ። ጋጋሪው አያቱን በጎን እያየ እፍ ይላል፤ ነርሷ በማኅደሯ ታራግባለች። አባወራው አሥራ ሁለት ደቂቃ ታገሠና ይሉኝታ ይዞት አንድ ሙሉ ማንኪያ ጎረሰ። ዓይኑ ሊፈርጥ ደረሰ። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ። ያን ቀን ምላሱ ተቃጥሎ «ቀጣዩ ፌርማታ» ማለት አቅቶት «ተታዩ፣ ተታዩ» ሲል እንደዋለ ተሳፋሪው ሁሉ ምስክር ነው።

ድስቱ እንደ ሞላ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ ታክሲው ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። አማቷ የድስቱን ብርድ ልብስ እያስተካከሉ፣ «ሾርባው ግን ፍል ነበር» አሉ።

በነጋታው ለብቻዋ ትንሽ ድስት ጣደች። ከእሳት ስታወጣው ክዳኑን ከፍታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና አንድ የሱሪ እግር ዘመዘመች። ቀመሰች፤ ያቃጥላል። ሁለተኛውን ዘመዘመች፤ ያቃጥላል። አራተኛው እግር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ሾርባውን ወደደው። ሦስት ቀን ደጋግማ ለካችው፤ ልኩ አራት የሱሪ እግር ሆነ። ከቤት እስከ ፌርማታው በእግር ሁለት የሱሪ እግር የሚዘመዘምበት መንገድ ነው። ስለዚህ ሁለት ዘምዝሞ መነሳት፣ የቀረውን ድስቱን ከፍቶ መሄድ።

«ያለ ክዳን? በአደባባይ?» አሉ አማቷ ረቡዕ ዕለት፣ በሩ ላይ ቆመው። «እኔ በቁሜ ይሄ አይደረግም!»

«እማማ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ፍል ሾርባ ይሻልዎታል ወይስ ልጅዎ?»

አሮጊቷ ድስቱን አዩት። እሷንም አዩዋት። ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና፣ «ምን ያስገትርሻል? አንዱን ጆሮ እኔ ልያዝ እንጂ!» አሉ።

ሁለቱ ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዘው በመንገዱ መሐል ወረዱ። ሽታው ከሱቅ ሱቅ ሰው እያስወጣ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ መርፌውን እንደያዘ፣ «እማማ፣ ወዴት ነው?» ብሎ ጮኸ።

«አውቶቡስ ልናበላ!» አሉ አማቷ፣ ዞርም ሳይሉ።

ዘጠኝ ከሃያ። አውቶቡሱ ቆመ። ጋጋሪው ዳቦውን ቆረሰ፣ ሳህኑ ሁሉ ተሞላ፤ ማንም ግን አልጀመረም። ሁሉም አሮጊቷን ያያል። አማቷ አንድ ማንኪያ አነሱ፣ ዋጡ፣ ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ካሮት አለበት እንዴ?» አሉ።

«አያቴ! አርባ ዓመት የሠሩት እኮ እርስዎ ነዎት!» አለች ነርሷ።

«ሠራሁት እንጂ መቼ ቀመስኩት! ምላሴ ሲቃጠል ኖሮ አሁን ገና ጣዕሙን አወቅሁት።» ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። «ጨምሪልኝ።»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ጋጋሪው ትን አለው፣ እህቱ ጀርባውን እየመታች በዚያው የሥጋ ቁራጩን ሰረቀችው፤ ስድስት ዓመቷ ላይም እንዲሁ ታደርገው ነበር። አባወራው ሦስተኛ አስጨመረ። ልብስ ሰፊዋ እያየቻቸው መብላቱን ረስታ ነበር።

«ብዪ እንጂ!» አለ ባሏ፣ ማንኪያዋን እጇ ላይ እያስቀመጠ። በላች። ከሰባት ወር ወዲህ እንዲህ የጣማት ነገር የለም።

የድስቱ ቂጥ ተፋቀ። አባወራው ሰዓቱን ሲያይ ሁሉም ለመነሳት ከወንበሩ ከፍ አለ።

«አንድ ደቂቃ ተርፎናል» አለ።

የተረፈ ደቂቃ ምን እንደሚደረግበት ያሰበ አልነበረም። ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ። የሚበላም የሚጠጣም የለም፤ ክርን ለክርን ተነካክተው ተያዩ። አሮጊቷ የልጃቸውን እጅ ያዙና አልለቅ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ያቺን ደቂቃ በሙሉ ተቀመጠችባት፤ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ አልተነሳችም።

ፊሽካው ተነፋ። ባሏ ግንባሯን ሳም አድርጓት ሮጠ። አውቶቡሱ ዘጠኝ ከሠላሳ አራት ላይ፣ አንዲት ሴኮንድ ሳያዛንፍ ወጣ፤ ተቆጣጣሪው ፊሽካውን ከአፉ አውርዶ እጁን አነሳላቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አማቷ አሁንም አንዱን ጆሮ ይዘዋል። «ያንን ወረቀትሽን ዘርጊው» አሉ። «ልጁ ወደ ቀን ሲዛወር ሌላ ክፍተት እንፈልጋለን። ከታጣም ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሸክመነው እንሄዳለን።»

«እሺ፣ እማማ።»

አምስቱም ማንኪያዎች፣ ሁሉም እርጥብ፣ ባዶው ድስት ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ሲንኳኩ ሄዱ።